እስከ ፋሲካ የተገዘተው ኩሬ

የሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልግ ክረምት ይመስል ነበር። ከመጋቢት መባቻ ጀምሮ ጉሙ ከወንጭት ሸለቆ ተነሥቶ ገደሉን እየዳሰሰ ወደ መንዝ ሜዳ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩን ይጋርዳል፤ ከዚያ ካፊያው ይጀምራል። ልብስ አይደርቅም፣ ጭሱ ከጣራ አልወጣም ይላል፣ ቤቱ ሁሉ እርጥብ የበግ ጠጕር ይሸታል። ሰው ግን ብርዱን እየረገመም ደስ ብሎት ነበር፤ ገብሱ እስከ ጉልበት ቆሞ ነበራ።

ጌታነሽ ያንን በልግ የያዘችው በጆሮዋ ነው። አጋም ውሃ ከላይ ሲሞላ ድምፁ ይወፍራል። በጠጠር ላይ ሲንሿሿ የከረመው ወንዝ ማጉረምረም ሲጀምር እንስራዋን ከደረሰችበት አስቀምጣ ቁልቁል ትሮጥ ነበር፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት፣ የቀሚሷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ። ዓሦቹ ከኩሬው ወጥተው ሽቅብ የሚሄዱት በዚያ ድምፅ ነዋ። እናቶቹ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ ጀርባቸው ከውሃው በላይ እየታየ፣ በስሱ ጠጠር ላይ እየተሻሹ ያልፋሉ። እሷ ከቋጥኝ ላይ ተንበርክካ ትቆጥራለች። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ይገባል፤ አይታወቃትም። በዕድሜዋ ጠግባ የተደሰተችው እዚያ ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

አጋም ውሃ ትንሽ ወንዝ ነው። ከቀየት ከተማ ግማሽ ቀን ቁልቁል ሲወርዱ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሳይጀምር ይገኛል። በበጋ ይቆራረጥና ከድንጋይ ሥር ይጠፋል። የማይደርቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለት ገደል ተጠጋግቶ ከላይ የጋረደው ጥልቅ ውሃ፣ ፀሐይ በቀን አንዴ ቀትር ላይ የምታየው። ጨለማ ኩሬ ይሉታል። ከኩሬው በታች ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ጫፉ የማይደርስበት ፏፏቴ አለ፤ ከእሱ ወዲያ ውሃው ወደ ወንጭት ይወርዳል። በጋ ሲገባ የወንዙ ዓሣ ሁሉ ወደ ጨለማ ኩሬ ይሰበሰባል፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይበተናል። ከወንዙ አቅራቢያ ያለው መንደር ይህን ያውቃል። ከዚህ በላይ ማወቅ የማንም ጉዳይ አልነበረም።

የጌታነሽ ጉዳይ የሆነው በመከራ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ለተገኘ ተዳረች። ሦስት ዓመት ተቆጠረ፣ አምስት ዓመት ተቆጠረ፤ ልጅ የለም። ጠበል ተጠመቀች፣ ስለት ተሳለች፤ የለም። የመንደሩ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከምንጩ ዳር ሲቀመጡ እሷ ብቅ ስትል ጨዋታቸው ይቋረጣል። አንድ ቀን ጥሩሸዋ፣ አጥር ለአጥር የሆነች ጎረቤቷ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

"እሷ የምታዝለው እንስራዋን ነው፤ አያለቅስባት፣ ጡት አይላት፣ ታድላ!" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጌታነሽ ውሃ የምትቀዳው፣ ሩቅም ቢሆን፣ ከጨለማ ኩሬ ሆነ።

እዚያ ሰው የለም። ዓሣ አለ። መጀመሪያ ዓሣ ሁሉ አንድ ነበር፤ እያደር ለየቻቸው። ጢማሙ አምባዛ ከጭቃው አይነሣም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድንጋይ ላሽ ብላ የሰየመቻት ጣት የምታህል ናት፤ አገጯ ሥር ባለ ክብ ነገር ከቋጥኝ ላይ ትጣበቃለች፤ ፏፏቴውን ሳይቀር በእርጥቡ ድንጋይ ላይ እየተሳበች ስትወጣ ጌታነሽ በዓይኗ አይታታለች። ሦስተኛዋ ከንፈሮ ናት። ከንፈሯ ወፍራም፣ ቀላ ያለ፣ ያኮረፈች ይመስል ወደ ታች የተገለበጠ። በዚያ ከንፈሯ ድንጋይ ለድንጋይ እየሳመች ምግቧን ትለቅማለች። ጌታነሽ የወደደችው እሷን ነው።

በተዳረች በስድስተኛው ዓመት አንዲት ስንዝር የማትሞላ ከንፈሮ ከውሃው ጋር ተቀድታ እንስራዋ ውስጥ ገባች። ጌታነሽ ያዘቻትና የጀርባ ክንፏን የፊተኛውን ዘንግ ከሥሩ ቆርጣ ለቀቀቻት። ለምን እንደቆረጠች ራሷም አታውቅም። ምናልባት ነገ ስትመጣ የምታውቀው ፊት እንዲኖራት ይሆናል። ዓሣዋ አልሞተችም። ስንዝር ሆነች፤ በዓመታት ስንዝር ከጋት ሆነች፤ ከዚያ ሁለት ስንዝር። በጋ በመጣ ቁጥር ያ ጎደሎ ክንፍ ከጨለማው ውስጥ ብቅ ይላል። እሜቴ ብላ ጠራቻት።

መርስዔ ኃዘን የመጣው በዚያ እርጥብ በልግ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ሳይንስ ያስተምራል፤ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየወረደ ይማራል፤ የደጋውን ወንዞች ዓሣ አጥንቶ እንዲጽፍ ታዞ ነበር። በበቅሎ ጠርሙስና መረብ ጭኖ ወረደ። "ዓሣ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ መንደሩ እየሳቀ ወደ ጌታነሽ ጠቆመው።

ከቋጥኙ ላይ ተንበርክካ አገኛት። በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች፤ ቢሆንም አንቺ አላት።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየቆጠርኩ ነው፣ ጌታዬ። ቀስ ይበሉ፣ ጥላዎ ወደቀባቸው።"

"ስንት ዓይነት ነው ያለው?"

"ሦስት። ሰው ስድስትም ሰባትም ይላል፤ ትንሿን ከትልቋ፣ ወንዱን ከሴቷ እየለየ ነው። ሦስት ናቸው።"

ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ግን አልሳቀም፤ አፏ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይጽፍ ነበር። መቼ እንቁላል እንደሚይዙ፣ በየትኛው ጠጠር ላይ እንደሚጥሉ፣ ጫጩቶቹ በስንት ቀን እንደሚታዩ ነገረችው። ስለ እሜቴ ስትነግረው እርሳሱን አስቀመጠ።

"አሥራ አምስት ዓመት? እርግጠኛ ነሽ?"

"በተዳርኩ በስድስተኛው ዓመት ነው የቆረጥኳት። እኔ ሌላ የምቆጥረው ምን አለኝና ይጠፋብኛል?"

"ሆዷ እንቁላል የያዘው ከስንት ዓመት በኋላ ነው?"

"ከሰባት። እስከዚያ እንደኔ መስላኝ ነበር።"

መርስዔ ኃዘን ይህንንም ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለሷ የማይመስል፣ ለተማሪዎች እንደሚናገር ሆኖ አስረዳት። ይቺን ከንፈሮ ወንጭት ላይ አላያትም፣ ጀማ ላይም አላያትም። ከፏፏቴው በላይ ስንትና ስንት ዘመን ብቻዋን ተዘግታ ከሌሎቹ የተለየች ትመስላለች። የምትወልደው ዘግይታ ስለሆነ እናቶቹ አንዴ ካለቁ የሚተካ የለም።

"ከዚህ ካለቀች ከዓለም አለቀች ማለት ነው" አላት።

ይህን ሲል ጠርሙሱን እየወለወለ ነበር። ለእሱ የወሬ መዝጊያ ነበር። ለጌታነሽ ግን እንደ አደራ ሆኖ ገባባት። አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ሰጣት፤ በአራት ቀን ውስጥ የስሟን ፊደላትና ለመመዝገቢያ የሚሆኑ ጥቂት ሌሎች አስጠናት። ሊሄድ በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ፣ "መጽሐፉ ሲወጣ ስምሽ ይገባበታል" አላት። ዝናቡ አልፎ የወንዙ ውሃ እስኪጠራ ድረስ ያንን ቃል ለብቻዋ ስትደግመው ከረመች።

አሁን ስለ ብርብራው መናገር ያስፈልጋል። ብርብራ የሸለቆው ዛፍ ነው። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሰው ቢበላው ምንም አይለውም። የመንደሩ የብርብራ አዋቂ ደግሞ የጌታነሽ ባል ነው፤ ስንት ቁና ለስንት ውሃ እንደሚበቃ ሲያይ ያውቃል። ድሮ የሚበትነው በትንንሾቹ ውሃ ላይ ነበር፤ ዓሣ በላ መባልን ደጋው ይጸየፍ ስለነበር ብዙም አይፈለግም። በኋላ ግን መሐል ሜዳ ላይ ከአዲስ አበባ የተላኩ ሹማምንት በዙ፤ እነሱ በሁዳዴ ዓሣ ይበላሉ። ተገኘም ዓይኑን ወደ ጨለማ ኩሬ አነሣ።

ጌታነሽ ባሏን አልለመነችም፤ ታውቀዋለች። የሄደችው ወደ አባ ገብረየሱስ ነው። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ዓሣ በጾም ይበላል ከሚሉ ሰዎች ጋር ዕድሜ ልካቸውን ሲሟገቱ የኖሩ። የት ቦታ እንደሚነኩ አውቃለች።

"አባ፣ ይፍቱኝ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ልጄ?"

"በሁዳዴ ዓሣ ሊገደል ነው፣ አባ። ከጨለማ ኩሬ አውጥተው ለሹማምንቱ ሊወስዱላቸው ነው። የኔው ባለቤት ነው የሚያደርገው። ነፍሴን ፈራሁ።"

አባ ገብረየሱስ ተቆጡ፤ ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ተቆጡ። የሃምሳ ሰባት ሁዳዴ ሊገባ በዋዜማው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መስቀላቸውን አንሥተው ገዘቱ። "ከዛሬ ጀምሮ፣ በየዓመቱ ሁዳዴ ከገባ እስከ ትንሣኤው ዕለት፣ በጨለማ ኩሬ ብርብራ የጨመረ፣ ያስጨመረ፣ ዓሣ ያወጣ፣ የበላ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን!" ሕዝቡ አሜን አለ። ተገኘም አሜን አለ፣ ዓይኑ ሚስቱ ላይ ሆኖ። ከግዝት አልፎ የሚሄድ ሰው በዚያ አገር አልነበረም።

ጌታነሽ እግሯ መሬት ሳይነካ ቤቷ ገባች። እስከ ፋሲካ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ዝናቡ ከፋሲካ በፊት ይመጣል፤ ዓሦቹ ይበተናሉ፤ የተበተነን ዓሣ ብርብራ አያገኘውም። በሃምሳ ስድስት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ ሃያ አምስት ነው፣ ዝናቡ ከመጣ ሁለት ወር ሊሆነው ሲል። በሃምሳ ሰባትም ሚያዝያ አሥራ ሰባት ዋለ፤ በልጉ ዘግይቶም ቢሆን በሁለት ሳምንት ቀደመው። ፋሲካ በየዓመቱ ቦታውን እንደሚቀይር፣ ካህናቱ በባሕረ ሐሳብ እያወጡ አንዱን ዓመት እንደሚያስረዝሙ ሌላውን እንደሚያሳጥሩ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረችው ነገር ነው። ግዝቱን ስትጠይቅ ግን አልታሰባትም።

የሃምሳ ሰባት ክረምት ሳይጠና ቆመ። ጥቅምት ላይ ውርጭ ደጋውን መታው፤ ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ነጣ። እስከ ገና ያለው በላ፣ ከገና በኋላ የሌለው ያለውን መለመን ጀመረ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው የሚባል ሰው ጠፋ። ዓመቱ ሃምሳ ስምንት፣ ዘመነ ማርቆስ ነበር። የበዓላቱና የአጽዋማቱ ቀን በእንቁጣጣሽ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሲነገር ሰምታ ነበር፤ ልብ አላለችም። ነነዌ ጥር ሃያ ሦስት ሲገባ ነው የነቃችው። በጣቷ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ፋሲካ ሚያዝያ ሁለት።

አባ ገብረየሱስ ዘንድ ሮጠች። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ፊታቸው ከስቷል።

"አባ፣ ዘንድሮ ግዝቱን እስከ ሰኔ ሚካኤል ያድርጉልኝ።"

"ምን ለማድረግ?"

"ዝናቡ ሊዘገይ ነው። ፋሲካ ቀደመ።"

"የጾሙን ግዝት በጾሙ ልክ አስረዋለሁ። ከጾም አሳልፌ ባስረው ሰው ማስራብ ነው። በዚህ ዓመት!" ከዚያ ቀስ ብለው አዩዋት። "ያኔ የመጣሽው ለጾሙ ነበር ወይስ ለዓሣው?"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ንገሪኝ እንጂ።"

"ለዓሣው ነው፣ አባ።"

"እንግዲያው በመስቀል አታለልሽኝ።" ፊታቸውን አዞሩ። "ያለፈው አለፈ። እስከ ፋሲካ ብያለሁ፣ እስከ ፋሲካ ይጠበቃል። ከዚያ ወዲያ ወደኔ አትምጪ።"

ሁዳዴ ገባ፤ ሰማዩ እንደ ናስ ደረቀ። ጨለማ ኩሬ በየቀኑ በጣት እየጎደለ፣ ቋጥኞቹ ነጭ መስመር እያወጡ ሄዱ። ዓሦቹ ከታች ተጣበቡ። ጌታነሽ በደብተሯ ላይ ለከንፈሮ "ከ" ብላ ጽፋ ከጎኑ ጭረት ታሰምራለች፤ አርባ አንድ እናት። እሜቴ ከመካከላቸው ናት፣ ሆዷ ሙሉ። ሁሉም ሆዳቸው ሙሉ ነበር፤ የሚጠብቁት ያንን ድምፅ ነው።

በጾሙ አጋማሽ ጥሩሸዋ እኩሬው ድረስ መጣች። የአራት ዓመት ልጇን ኮከቤን አዝላለች። የልጅቷ እግር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።

"ጌትዬ" አለች፤ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። "አንዲት ዓሣ። ትንሿን። አንቺ እጅሽን ብትሰጂያቸው ይመጣሉ አሉ።"

"ግዝት ነው፣ ጥሩዬ።"

"ሕፃን ልጅ ጾም የለባትም።"

"ግዝቱ የውሃው ነው፤ ማንም ያውጣ ማንም።"

"ማንም አያይም እኮ! ለማን ልናገር?"

ጌታነሽ ውሃውን አየች። አንድ ብትሰጥ ነገ ሌላዋ ትመጣለች፤ ከነገ ወዲያ ወንዶቹ ይመጣሉ፤ ግዝቱ አንዴ ከተሰበረ ተሰበረ። ይህን አሰበች። ልጅቷንም አይታታለች፤ አላየኋትም አላለችም፣ በኋላም ቢሆን።

"አልችልም" አለች።

ጥሩሸዋ አልተሳደበችም። ኮከቤን ሽቅብ አስተካክላ አዘለችና ሄደች። ልጅቷ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ጌታነሽ ለቅሶ ሄደች፤ ማንም ቦታ አልለቀቀላትም፤ ቆማ አልቅሳ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የቀራት ተስፋ መምህሩ ነበር። ከደብተሯ አንድ ቅጠል ቀድዳ፣ በሁለቱ ዓመት ከቆሎ ተማሪዎች እየጠየቀች በሞላችው ፊደል፣ በራሷ እጅ ደብዳቤ ጻፈች። "ከንፈሮ ልታልቅ ነው። እስከ ፋሲካ ነው። ከመንግሥት ወረቀት ይዘው ይምጡ። ጌታነሽ።" ፊደሎቹ አንዱ ወጥቶ አንዱ ወርዶ ነበር። በአህያ ጨውና በርበሬ እየጫነ ከቆላ ወደ መሐል ሜዳ ለሚመላለሰው ነጋዴ ለጀላሉ ሰጠችው። ጀላሉ ወረቀቱን በጥምጥሙ እጥፋት አስገብቶ፣ "አደርስልሻለሁ፣ እትዬ። አላህ ዝናቡን ያምጣልሽ" አላት። አደረሰም።

በቅዳሜ ሹር ተገኘ ደጅ ቁጭ ብሎ ብርብራ ሲወቅጥ ዋለ። አምስት ቁና ወቀጠ። ጌታነሽ ፊቱ ቆመች።

"ግማሹን ብቻ አድርገው። ዳር ዳሩን። አምባዛው ይበቃል፣ ጭቃው ውስጥ ሞልቷል፤ እኔ ራሴ በእጄ አወጣላችኋለሁ።"

"ዞር በይ፣ ዱቄቱ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።"

"ተገኘ፣ ሀያ ሦስት ዓመት ምን ለመንኩህ?"

ዘነዘናውን አቆመ። "እኔስ ሀያ ሦስት ዓመት ምን ለመንኩሽ? አንድ ነገር ነው የለመንኩሽ። ሰጠሽኝ?" ብሎ መውቀጡን ቀጠለ።

በፋሲካ ጠዋት፣ የሚገደፍበት ነገር የሌለው ሕዝብ ከቅዳሴ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ጨለማ ኩሬ ወረደ። ስልቻ የያዘ፣ ቅርጫት የያዘ፣ ምንም ያልያዘ ነጠላውን ዘርግቶ። ጥሩሸዋ ከፊት ነበረች። ጌታነሽ ቀድማቸው ውሃው ውስጥ ገብታ እስከ ወገቧ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ኧረ እይዋት፣ ልትጠመቅ ነው!" አለ አንዱ።

"ጠበቃቸው ናት እንጂ" አለ ሌላው። "ይግባኝ ልትልላቸው ነው።"

"ውጪልኝ" አለ ተገኘ። "ሰው እያየ አታዋርጂኝ።"

"ተዋት፣ ትቁም" አለች ጥሩሸዋ። ድምፅዋ አልጮኸም። "የኔዋን ቆሜ አይቻለሁ። እሷም የሷን ቆማ ትይ።"

ጌታነሽ ከውሃው አልወጣችም። ተገኘ ብርብራውን ከላይ እየበተነ በዱላ አማሰለው፤ ውሃው ነጭ አረፋ አወጣ። መጀመሪያ ድንጋይ ላሾቹ ከቋጥኙ እየተላቀቁ እንደ ቅጠል ረገፉ። ቀጥሎ ጫጩቶቹ ብልጭ ብልጭ እያሉ ተንሳፈፉ። አምባዛው አፉን ከውሃው በላይ ከፍቶ ቆየ። በመጨረሻ እናቶቹ ከሥር መጡ፣ አንድ በአንድ፣ በወገቧ ዙሪያ እየተጋጩ፣ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው። ሕዝቡ እየተጋፋ ገባባቸው። የበላ በላ፤ ተርፎ በነጋታው ድንጋይ ላይ የሸተተው ከተበላው ይበልጥ ነበር። ብርብራ ለሚበላው ልክ አይመጥንም።

መርስዔ ኃዘን በማግሥቱ ሰኞ ደረሰ። ጌታነሽ በቅሎውን ከሩቅ አይታ ሮጣ ተቀበለችው።

"ወረቀቱን አመጡ?"

አልሰማትም። ከበቅሎው ወርዶ ኩሬውን ያይ ነበር፤ ፊቱ እየበራ ሄደ። ሰው ያልደረሰበት በገደሉ ሥር፣ ውሃው ቀዝቅዞ ያቆያቸው ብዙ ነበሩ።

"እንዲህ ያለ ዕድል!" አለ። "በመረብ አሥር ዓመት ብለፋ ይህን አላገኝም። ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ ሙሉውን! ቶሎ በይ፣ ሳይበላሹ ለቃቅመሽ አምጪልኝ።"

ለቃቀመችለት። እያጠበች በቅጠል ላይ ደረደረችለት። የማይታመነው ይህ ነው፤ ግን አደረገችው። እሜቴን ከሁሉ በኋላ አመጣች፣ በሁለት እጇ ይዛ።

"ይቺ ናት ያቺ? ክንፏን የቆረጥሻት?" ቢላዋውን አውጥቶ ሆዷን ሰነጠቀው። እንቁላሉ ወርቅማ ሆኖ ፈሰሰ። ጥቂቱን መዝኖ፣ ቆጥሮ፣ በወረቀት ላይ አባዝቶ፣ "ወደ ዘጠኝ ሺህ" አላትና ጻፈው።

"አሁን ከንፈሮ የለችም ማለት ነው?"

"ዋናው ነገር መመዝገቧ ነው" አለ፣ ክዳን እያጠበቀ። "ሳትታወቅ አልጠፋችም።"

ጠርሙሶቹ ላይ ወረቀት ለጠፈ። እሷም እሱ ባስጀመራት ፊደል፣ ጣቷን እያስኬደች፣ አንዱን ጠርሙስ ቀስ ብላ አነበበችው። አጋም ውሃ። ሚያዝያ ፫ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.። ሰብሳቢ መርስዔ ኃዘን።

"የኔ ስም የቱ ጋ ነው?"

"ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የሰብሳቢው ነው።"

"ደብተሬስ?"

"እሱንም ልወስደው ነው፣ ያስፈልጋል። መጽሐፉ ሲወጣ እናያለን።" በቅሎውን ጫነ። በዚያ መንገድ ተመልሶ አልመጣም፤ መጽሐፍም ወጥቶ እንደሆነ በዚያ አገር ያየው የለም።

ዝናቡ በሚያዝያ አሥራ አራት መጣ። አጋም ውሃ ድምፁ ወፈረ። ጌታነሽ ከልማዷ እንስራዋን አስቀምጣ ሮጠች፤ ከቋጥኙ ላይ ተንበርክካ እስኪመሽ ውሃውን አየች። ቅጠል አለፈ፣ ጭቃ አለፈ፣ የሰው የተጣለ ጫማ አለፈ። ዓሣ አላለፈም። በዓመቱ ድንጋይ ላሾቹ ብቻ በእርጥቡ ቋጥኝ ተስበው ከታች ወጡ።

ተገኘ በዚያው ክረምት ፈታት፤ ለፍቺው ምክንያት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከቤቱ የወሰደችው እንስራዋን ብቻ ነው። ወንጭት ወርዳ ከሰው ማሳ እያረመች፣ እያጨደች ትበላለች፤ በተረፋት ቀን ወንዙን ይዛ ትሄዳለች። መምህሩ የለችም ያለው ሳያይ ቢሆንስ? አንዲት፣ ሁለት ከንፈሮ የሆነ ጎርፍ አውርዷቸው እታች ቢኖሩስ? ሁለት ጊዜ ከንፈራቸው ወፈር ያሉ ዓሦች አግኝታ፣ እንስራውን በውሃ ሞልታ አዝላ፣ ያንን ገደል ግማሽ ቀን ሽቅብ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ኩሬው ጋ ስትደርስ ሞተው አገኘቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ዓይነት ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ በመንደሩ መሐል ስታልፍ ውሃው በጀርባዋ ላይ ይንቦጫቦጭ ነበር።

"እሹሩሩ በያቸው!" ብለው ጮኹባት።

ጥሩሸዋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። እሷ አልጮኸችም። በሯን ዘጋች።

ጌታነሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ጀላሉ ነው። በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ወንጭት ከጀማ ከሚገናኝበት ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው መሻገሪያ፣ በመርሐቤቴ በኩል ባለው ዳር፣ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ወንዙን ትቃኝ ነበር። እንስራው ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ባዶ ነው።